ሳናይ የምንፈርደው፦ ዝንባሌ ምንድን ነው፣ ፍርድንስ እንዴት ያጣምማል?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2004 ማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምቦች ፈነዱ። ከ190 በላይ ሰዎች አለቁ። የስፔን ፖሊስ በዚያው ዕለት አንድ ነጭ ሬኖ መኪና ሲፈትሽ የፈንጂ ማቀጣጠያዎች የተቀመጡበት ሰማያዊ ፌስታል አገኘ። ፌስታሉ ላይ የጣት አሻራ ነበር። በመዝገቡም አሻራ ቁጥር 17 ተብሎ ሰፈረ።

አሻራው በኢንተርፖል በኩል ለአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍቢአይ ደረሰ። ኤፍቢአይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች አሻራ የተከማቸበት ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ግን ይህ የእገሌ ነው ብሎ አይፈርድም፤ የሚመስሉትን መርጦ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ዓይን ነው። በዚያ ቀን 20 ሰዎች አወጣ። በዝርዝሩ 4ኛ የነበረው በኦሪጎን ግዛት የሚኖር ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ ጠበቃ ነው። አንድ ከፍተኛ የአሻራ መርማሪ የሁለቱን አሻራ አስተያይቶ ገጥሟል አለ። ሁለተኛ መርማሪ አየና ተስማማ። የክፍሉ ኃላፊም አየና ተስማማ። ለፍርድ ቤት በቀረበው ጽሑፍ ላይ መቶ በመቶ ይገጥማል ተባለ።

ኤፕሪል 13 ላይ የስፔን ፖሊስ የራሱን ምርመራ ጨርሶ አይገጥምም ሲል ጻፈ። ኤፍቢአይ ይህን ሲሰማ የራሱን ሥራ እንደገና ከመመርመር ይልቅ ስፔኖቹን የሚያስረዳ ባለሙያ ወደ ማድሪድ ላከ። በዚህ መሃል የሜይፊልድ ሕይወት ተበረበረ። ሰውዬው እስልምናን የተቀበለ ነው። ባለቤቱ ግብፅ የተወለደች ናት። ከታሊባን ጎን ለመሰለፍ ሞክሯል ተብሎ የተፈረደበት ሰው በልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ ሲከራከር ጠበቃው እሱ ነበር። ይህ ሁሉ ጥርጣሬውን አወፈረው። ወደ ስፔን መሄዱን የሚያሳይ ግን አንዳች ነገር አልተገኘም፤ የጸና ፓስፖርት እንኳን አልነበረውም። እንግዲህ መርማሪ እዚህ ላይ ቆም ይላል ብለን እንጠብቃለን። የተባለው ግን ሌላ ነው፤ በሐሰተኛ ስም ተጉዞ ሊሆን ይችላል ተባለ። ማስረጃ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ሆነ።

ሜይ 6 ቀን ተያዘ። ፍርድ ቤቱ የመደበው ገለልተኛ ባለሙያም አሻራውን አይቶ የሜይፊልድ ነው አለ። ይህ በተባለበት ቀን፣ ሜይ 19፣ ስፔኖቹ አሻራው የአንድ የአልጄሪያ ዜጋ መሆኑን አሳወቁ። ሜይፊልድ ሁለት ሳምንት ከታሰረ በኋላ በማግስቱ ተፈታ፣ ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት አንድ ነገር ስለሚጎድለው ነው፤ ክፉ ሰው የለበትም። ጉቦ የበላ የለም። የሐሰት ማስረጃ የፈበረከ የለም። አራት ባለሙያዎች በሙያቸው በሚያምኑበት መንገድ ሠርተው አራቱም አንድ ቦታ ወደቁ። ዝንባሌ የምንለው ይህንን ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን አድልዎ ስንል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን አውቆ የሚያዳላ ሰው ነው፤ ለዘመዱ የሚያደላ ሹም፣ ለአገሩ ልጅ ነጥብ የሚጨምር መምህር። ይህ አለ፣ ሕግም የወጣለት ነው። የሚያዳላው ሰው የሚሠራውን ያውቃል፣ ስለሚያውቅም ይደብቃል። የአእምሮ ዝንባሌ ግን ከዚህ ይለያል፤ ባለቤቱ አያውቀውም። የሥጋ ቤት ሚዛን አስቡ። አንዱ ሚዛን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ይህ የተበላሸ ሚዛን ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ቢመዝኑበት ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሌላው ሚዛን ሁልጊዜ 50 ግራም ይጨምራል። ሺህ ጊዜ ቢመዝኑበት ሺህ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሳሳተው። ዝንባሌ ሁለተኛው ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል፣ ደጋግሞ በመሞከር የማይጠራ ስሕተት። ሦስት መርማሪ ሲጨመር ያልታረመውም ለዚህ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ሚዛን ላይ ነው የቆሙት።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ2006 ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ስለ አሻራው ሥራ የሚለው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ፌስታል ላይ የቀረ አሻራ እንደ ማኅተም ጥርት ያለ አይደለም፤ የተቆራረጠ፣ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ መስመር ያለ ይመስላል፣ አንዳንዱ የሌለ። መርማሪው ማድረግ ያለበት መጀመሪያ ፌስታሉ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ እዚህ ጋ መስመሩ ያበቃል፣ እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል እያለ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ተጠርጣሪው አሻራ የሚሄደው። በዚህ ጉዳይ ግን አሠራሩ ተገለባበጠ። በሜይፊልድ ጥርት ያለ አሻራ ላይ የሚታየውን ነጥብ ይዘው ወደ ደብዛዛው ተመለሱ፣ እዚያም ፈለጉት፣ ስለፈለጉትም አገኙት። በደበዘዘ ነገር ውስጥ የሚፈልጉትን ማግኘት ቀላል ነው።

ከዚያ ደግሞ አልገጥም ያለ ነገር መጣ። የአሻራው ላይኛው ግራ ክፍል ከሜይፊልድ ጣት ጋር በግልጽ አይመሳሰልም። አንድ ያልገጠመ ክፍል ሙሉውን ሊያፈርሰው ይገባ ነበር። መርማሪዎቹ ግን ያ ክፍል በሌላ ንክኪ የመጣ ነው አሉ፤ ሌላ ጣት ወይም ሌላ ሰው እዚያው ላይ ነክቶ ይሆናል ብለው አለፉት። የገጠመው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ፣ ያልገጠመው ሁሉ ማብራሪያ ተሰጠው። ዝንባሌ በሥራ ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ውሸት የለበትም፤ ያለው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው። የምንፈልገው ነገር ሲመጣ ራሳችንን "ይህን ማመን እችላለሁ?" እንላለን፤ የማንፈልገው ሲመጣ ደግሞ "ይህን የግድ ማመን አለብኝ?" እንላለን። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው፣ ለሁለተኛው ሁልጊዜ ማምለጫ አለ።

የሜይፊልድ ጉዳይ የአንድ ቀን አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ኢቲኤል ድሮር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈተሹ። አምስት ልምድ ያላቸው የአሻራ ባለሙያዎችን መረጡ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት አሻራ ሰጧቸውና ይህ ኤፍቢአይ ተሳስቶ የሜይፊልድ ነው ያለው አሻራ ነው፣ እንዴት ታዩታላችሁ አሏቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ባለሙያ የቀረበለት ከዓመታት በፊት ራሱ በመደበኛ ሥራው ላይ መርምሮ ይገጥማል ያለው አሻራ ነው። ከአምስቱ አንዱ ብቻ በቀድሞ ቃሉ ጸና። ሦስቱ አይገጥምም አሉ፣ አንዱ ለመወሰን አይቻልም አለ። አሻራው ያው ነው፣ ዓይኑ ያው ነው፣ የተቀየረው ከመመልከታቸው በፊት የሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በርግጥ አምስት ሰው ጥቂት ነው፣ ከዚህ ተነሥቶ የአሻራ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ሌላ ጭፍን ፍርድ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ያሳያል፤ ዝንባሌው የሚገባው ፍርድ ስንሰጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ምን እንደምናይ ሲነገረን ነው።

ቀድሞ የተሰማ ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርካቶ ውስጥ ሻጩ 3,000 ብር ብሎ ከጀመረ 2,000 ላይ ሲጨርሱ ያተረፉ ይመስልዎታል፤ 1,500 ብሎ ቢጀምር ኖሮ በ2,000 ለመግዛት አያስቡትም ነበር። ዕቃው አልተለወጠም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ይህን በሚያስቅ መንገድ አሳይተዋል። ቁጥር የተጻፈበት ክብ ሰሌዳ በሰዎች ፊት አሽከረከሩ፣ ከዚያም ከተባበሩት መንግሥታት አባላት መካከል የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው ብለው ጠየቁ። ሰሌዳው 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ ሆነ፤ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45 በመቶ አሉ። የሚሽከረከር ሰሌዳ ስለ አፍሪካ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ቁጥሩ ግን አንዴ ከተሰማ ሐሳቡ ከእሱ ብዙም አይርቅም።

ይህ ስለ ተማሪዎችና ስለ ጨዋታ ነው እንዳይባል፣ በጀርመን በሕግ ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። ከሱቅ በመስረቅ በተደጋጋሚ የተከሰሰች ሴት ጉዳይ ቀረበላቸው። ከመፍረዳቸው በፊት ሁለት ዳይስ እንዲጥሉ ተደረገ፤ የወጣው ቁጥር ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀው የእስር ወር ሆኖ ይያዝ ተባለ። ዳይሶቹ አስቀድሞ ተሠርቶባቸዋል፣ ድምሩ 3 ወይም 9 ብቻ ነው የሚወጣው። 3 የወጣላቸው በአማካይ ወደ 5 ወር ገደማ ፈረዱ፤ 9 የወጣላቸው ወደ 8 ወር። በገዛ እጃቸው የጣሉት ዳይስ ነው፣ ቁጥሩ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ እያወቁ። ለአንዲት ሴት የወራት ነፃነት በዳይስ ተወሰነ ማለት ነው። በእውነተኛ ችሎት ዳይስ የለም፤ ዐቃቤ ሕግ ግን አለ፣ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያውን ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ስለ ቁጥርና ስለ ጣት መስመር ነው፤ ከነዚህ ጋር ማንም የጠበቀ ፍቅር የለውም። ፍቅር ሲገባበት ነገሩ ይብሳል። በ1951 በአሜሪካ በፕሪንስተንና በዳርትመዝ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በአሜሪካን ፉትቦል ኃይለኛ ጨዋታ ተደረገ። የፕሪንስተን ኮከብ አፍንጫው ተሰበረ፣ የዳርትመዝ አንድ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል ለሁለቱም ተማሪዎች የጨዋታውን ፊልም አሳይተው ጥፋቶችን እንዲቆጥሩ አደረጉ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትመዝ በኩል ያዩት ጥፋት የዳርትመዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ካዩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ፊልሙ አንድ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ በሁለቱ ደጋፊዎች መሃል ለተቀመጠ ሰው ይህ ዜና አይሆንበትም፤ ዳኛው አንድ ፊሽካ ሲነፋ ግማሹ ስታዲየም ፍትሕ ያያል፣ ግማሹ ዘረፋ።

ኳስ ላይ ሲሆን ያስቃል። በስልካችን ላይ የሚዘዋወር የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላይ ሲሆን ግን አያስቅም። አንድ ግጭት የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ አንዱ ወገን ጥቃት ያያል፣ ሌላው ራስን መከላከል። ሁለቱም በዓይናችን አየን ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ ውሸት የሚያሰራጩት ሰዎች አይደሉም፤ እነሱን መያዝ ይቻላል። የሚያስፈራኝ ያየውን በቅንነት የሚመሰክረው ብዙ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያይ የወሰነለት ግን ከማየቱ በፊት የቆመበት ወገን ነው።

በ1960 ፒተር ዌሰን የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያሳተሙት ፈተና አለ፣ ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 2፣ 4፣ 6 የሚሉት ቁጥሮች አንድ ሕግ ይከተላሉ፤ ሕጉን ለማወቅ የፈለጋችሁትን ሦስት ቁጥር ጥሩ፣ ይስማማል ወይም አይስማማም ይባላችኋል። አብዛኛው ሰው በሁለት እየጨመረ የሚሄድ ነው ብሎ ያስብና 8፣ 10፣ 12 ይላል። ይስማማል። 20፣ 22፣ 24። ይስማማል። ተደስቶ ሕጉን ይናገራል፣ ይሳሳታል። ሕጉ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ሁሉ የሚል ነው፤ 1፣ 7፣ 300 ቢልም ይስማማ ነበር። ግምቱን ሊያፈርስ የሚችል ቁጥር አንድ ጊዜ ቢጠራ ኖሮ ያገኘው ነበር። ሰው የሚጠይቀው አዎ የሚያስብለውን ጥያቄ ነው።

እዚህ የደረሰ አንባቢ አንድ ወይም ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች ወደ አእምሮው ሳይመጡ አይቀሩም፤ "እገሌ እንዲህ ነው" ሳይል አይቀርም። ይህም ራሱ ተጠንቷል። ኤሚሊ ፕሮኒንና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስለ እነዚህ ዝንባሌዎች ከተነገራቸው በኋላ ሌላው ሰው ላይ ይበዛል፣ እኔ ላይ ግን ያንሳል አሉ። ነገሩን ማወቃቸው አልረዳቸውም። ብልህነትም አያድንም፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የማሰብ ችሎታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከዚህ እንደማያመልጡ አሳይተዋል። እንዲያውም ብልህ ሰው አንድ ተጨማሪ አደጋ አለበት፤ አልገጥም ላለው ነገር ጥሩ ማብራሪያ መፍጠር ይችላል። የአሻራው ላይኛው ግራ ክፍል የሌላ ንክኪ ነው ለማለት እኮ ብዙ ዓመት የአሻራ ትምህርት ያስፈልጋል።

ስለ ዝንባሌ የሚጽፉ ሰዎችም አይድኑም። በ2011 ስለ እስራኤል የአመክሮ ጉባኤዎች የወጣ ጥናት ዓለምን ዞሯል፤ ዳኞቹ ስብሰባ ሲጀምሩና ምግብ በልተው ሲመለሱ 65 በመቶ ለሚሆነው ጉዳይ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ እየራባቸው ሲሄድ ፈቃዱ ወደ ዜሮ ይወርዳል ይላል። ጥሩ ወሬ ነው። ነገር ግን ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ጉዳዮቹ በዘፈቀደ እንዳልተደረደሩ አመለከቱ፤ ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ብዙ ጊዜ ወደ ስብሰባው መጨረሻ ነው የሚታዩት፣ ጠበቃ የሌለው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት የመፈታት ዕድሉ አነስተኛ ነው። የረሃቡ ታሪክ ግን አሁንም በየስልጠናው ይነገራል። ዳኛ በሆዱ ይፈርዳል ብለን አስቀድመን የምናምን ሰዎች ስለምንወደው ነው።

ወደ ሰው ጉዳይ ልመለስ። የኢንስፔክተሩ ሪፖርት በሜይፊልድ ሃይማኖት ላይ የሰጠው ፍርድ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ገጥሟል ሲሉ ሃይማኖቱን አያውቁም ነበር፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው ከአሻራዎቹ ያልተለመደ መመሳሰልና ከተገለባበጠው አሠራር ነው። ሃይማኖቱ የገባው በኋላ ነው፤ ስፔን አይገጥምም ስትል እንደገና በቅጡ እንዳይመረምሩ ሳያደርጋቸው አልቀረም ይላል ሪፖርቱ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለ ሰው ቡድን ያለን አስተያየት ብዙ ጊዜ ስሕተቱን አይወልደውም፤ የተወለደውን ስሕተት ያሳድገዋል። አንድ ሠራተኛ ገንዘብ ጎደለበት እንበል። ሒሳብ ይሳሳታል፤ ማንም ላይ ይደርሳል። የምናምነው ሰው ከሆነ "እስኪ ደረሰኞቹን እንደገና እንያቸው" እንላለን። ስሙን ሰምተን፣ ዘዬውን ሰምተን፣ የመጣበትን ሰፈር ጠይቀን ቀድሞ የጠረጠርነው ከሆነ ደረሰኙን እንደገና ማየት ትዝ አይለንም። ሁለቱም ላይ ያገኘነው ጉድለት አንድ ነው፤ የተለያየው እኛ ፍለጋውን ያቆምንበት ቦታ ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይባላል። እስማማለሁ፤ ግን የጠረጠርነውን ብቻ እየመረመርን ያልጠረጠርነውን የምናሳልፍ ከሆነ ከጥርጣሬያችን ያተረፍነው ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከዛሬ ጀምሮ ገለልተኛ እሆናለሁ ብሎ መወሰን አይሠራም፤ ዝንባሌው የሚሠራው ከውሳኔው በፊት ነውና። የአንድ ቀን ስልጠናም ብዙ አይለውጥም። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ማን ምን ቀድሞ ያያል፣ ማን ቀድሞ ይናገራል የሚለውን ማስተካከል። ይህን ደግሞ ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ መማር አያስፈልገንም።

ቡና ቀማሾችን ተመልከቱ። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው፣ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር፣ በጠረጴዛው ላይ ስኒዎቹ በቁጥር ብቻ ተለይተው ነው የሚቀርቡት። የተፈጨው ቡና ላይ ፍል ውሃ ይፈስበታል፣ ትንሽ ቆይቶ ከላይ የተንሳፈፈው አረፋ በማንኪያ ይሰበርና ይሸተታል፣ ሲቀዘቅዝ በማንኪያ እየተማገ ይቀመሳል። ቡናው የይርጋጨፌ ይሁን የጉጂ፣ የታወቀ ላኪ ይሁን የአንድ ገበሬ ጓሮ፣ ቀማሹ አያውቅም። ይርጋጨፌ የሚለው ስም ራሱ ይጣፍጣልና ስሙ ከስኒው ይነሣል። ሁለተኛው ደንብ ዝምታ ነው፤ ነጥቡ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር ማንም አያወራም፣ ፊት መኮሳተርም ነውር ነው። ታዋቂ ቀማሽ አንዴ "አሃ!" ካለ የሌሎቹ ምላስ ተከተለ ማለት ነው። ውይይቱ የሚመጣው ሁሉም ከጻፈ በኋላ ነው። እነዚህ ሁለት ደንቦች በማድሪዱ ጉዳይ ላይ ቢኖሩ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መርማሪ የመጀመሪያው ገጥሟል ማለቱን ሳያውቁ፣ ገለልተኛው ባለሙያም የኤፍቢአይን ውሳኔ ሳይሰማ አሻራውን ቢያዩ። የፊተኛውን መልስ እያወቀ የሚሰጥ ሁለተኛ አስተያየት የፊተኛው ድጋሚ ነው።

ቀድሞ መናገርን በተመለከተ ደግሞ የራሳችን የቆየ ልማድ አለ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በንጉሡ ችሎት ከባድ ጉዳይ ሲታይ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕርግ ዝቅ ያለው ነበር፤ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ የንጉሡ ቃል በቃለ ሐፄው (የንጉሡን ቃል በሚያሰማው ሹም) በኩል በመጨረሻ ይሰማል። የታችኛው ሹም የላይኛውን ሐሳብ ሳይሰማ ይናገራል፤ ቢሰማ ኖሮ የሚቀረው መስማማት ብቻ ነው። ዛሬ በስንቱ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ኃላፊው "እኔ እንደሚመስለኝ..." ብሎ ይከፍትና ከዚያ በኋላ አስተያየት ይጠይቃል! ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው አስተያየት ሳይሆን ጭብጨባ ነው። ደንቡን መመለስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር፣ ወይም ሁሉም ከመወያየታቸው በፊት ሐሳባቸውን በወረቀት ይጻፉ።

ሽምግልናም ላይ እንዲሁ ነው። የባልና ሚስት ጠብ ወይም የወንድማማቾች ውርስ ሲመጣ ቀድሞ ስልክ የሚደውለው ጉዳዩን ይቀርጸዋል። ዋሽንግተን ያለች እህት ወይም ቴል አቪቭ ያለ አጎት የአንዱን ወገን አንድ ሰዓት ሰምቶ፣ ሌላውን ሲሰማ የሚሰማው ክሱን የሚያስተባብል ሰው ሆኖ ነው። የምታውቋቸው ጥሩ ሽማግሌዎች ካሉ ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ሳይሰሙ ለማንም "እውነትህን ነው" አይሉም፣ ከአንዱ ቤት ምሳ በልተው ወደ ሌላው አይሄዱም።

ሁሉንም ነገር መደበቅ ግን አይቻልም። ሐኪም የሕመምተኛውን ታሪክ ሳያውቅ አያክምም፤ ዳኛም የክስ መዝገቡን ሳያነብ አይፈርድም። በእነዚህ ቦታ የሚቀረው ቅደም ተከተሉና መዝገቡ ነው። ከሜይፊልድ በኋላ ኤፍቢአይ ያደረገው ይህንን ነው፤ መርማሪው የተጠርጣሪውን አሻራ ከማየቱ በፊት በቦታው የተገኘውን አሻራ ብቻ አጥንቶ ያየውን ነጥብ በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ በኋላ የተጨመረ ነገር ካለም ተለይቶ እንዲታወቅ ተደረገ። በሐኪም ቤትም ይቻላል፤ ከሌላ ሆስፒታል የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የበሽታ ስም ከማንበብ በፊት በሽተኛውን ጠይቆ፣ መርምሮ፣ የራስን ግምት መጻፍ። ሁለቱ ከተለያዩ ያ ልዩነት የሚመረመር ነገር ሆነ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ውሳኔ የማያውቅ ሁለተኛ መርማሪ መመደብ ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል፣ ሥራ በተከማቸበት ቤተ ሙከራ ደግሞ ሰው የለም። ስለዚህ በሁሉም ጉዳይ ላይ ሳይሆን ቢያንስ በከባዱ ላይ ይደረግ የሚሉ አሉ። ችግሩ አሻራ ቁጥር 17ም ለመርማሪዎቹ ከባድ ሆኖ አለመታየቱ ነው፤ መቶ በመቶ ነው ያሉት። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከባድ የተባሉትን ብቻ ሳይሆን፣ እርግጠኛ ነን የተባለባቸውንም በዕጣ እያወጡ በማያውቅ ዓይን እንዲታዩ ማድረግ ነው።